ጋሽ ኑ እና ጭረቷን የምትጠብቀው ፊደል

መርካቶ ዱባይ ተራ ውስጥ ሱቅ በቀን የሚዘጋው ወይ ለጁምዓ ነው ወይ ለለቅሶ። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰይድ መጋረጃ ቤት የብረት በር ወርዶ አየሁት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

እማዬ ከፊት ለፊቱ ባለችው የክርና የቁልፍ ሱቃችን ውስጥ ክር ታጠነጥናለች። ቦርሳዬን ሳላወርድ፣ «ነይ ቁጭ በዪ» አለችኝ። እናቴ በሥራ ሰዓት ቁጭ በዪ ብላኝ አታውቅም፤ ሁልጊዜ «ተነሺ» ነው የምትለኝ።

«ጋሽ ኑ ናቸው?» አልኳት።

ማጠንጠኗን አላቆመችም። «ንጋት ላይ ነው ያረፉት» አለች።

ለቅሶ ቤት ስንደርስ ሰው ሁሉ «አቶ አንዳርጌ፣ አቶ አንዳርጌ» ይላል። የሌላ ሰው ድንኳን የገባን መስሎኝ እማዬን በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። «ስማቸው እኮ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በየቀኑ የማያቸው ሰው ሌላ ስም እንዳላቸው ያወቅሁት ከሞቱ በኋላ ነው። ለእኛ ጋሽ ኑ ነበሩ፣ በቃ።

ጋሽ ኑ ጠሪ ነበሩ። መርካቶን የማያውቅ ካለ ልንገረው፦ ጠሪ ማለት ሱቅ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ወደ ውስጥ የሚጋብዝ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ጠሪ ሞልቷል። አብዛኞቹ ክንድ ይይዛሉ፣ ከረጢት ይጎትታሉ፣ «ና ጀለስ!»፣ «ነይ እናቱ!» ይላሉ። ጋሽ ኑ ማንንም ነክተው አያውቁም። «የተጎተተ ሰው ይገባል እንጂ አይገዛም» ይሉ ነበር። ደግሞም «ና» እና «ነይ» የሚሉትን ቃላት ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም። ለሕፃንም፣ ለሽማግሌም፣ ለብቻውን ለሚሄድ ሰውም «ኑ» ነው።

አንድ ቀን፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ «ጋሽ ኑ፣ ሰውየው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ለምን ኑ ይሉታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰዋስው የተማርኩ ሰሞን መሆን አለበት።

«‹ና› ትእዛዝ ናት» አሉኝ። «‹ኑ› ግን ግብዣ ናት። ደግሞ አንድ ሰው መጋረጃ ለብቻው አይገዛም፤ ቤቱን በሙሉ ይዞ ነው የሚመጣ።»

የጎጃም አነጋገራቸው ከዚያ ሁሉ የመርካቶ ዘመን በኋላም አልለቀቃቸውም ነበር። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ኮታቸው ከላይኛዋ ቁልፍ በስተቀር ሌላ የላትም። ይሄ እማዬን ያንገበግባት ነበር። «ጋሽ ኑ፣ ከቁልፍ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመው እንዲህ ይሆናሉ? ሰው ምን ይለኛል? ያምጡ ልትከልልዎ!» ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው፣ «ብትቆልፊብኝ ትንፋሹ በየት በኩል ይገባል?» ይላሉ።

ትንፋሹ እውነት ነበር። እንዴት እንደሚጠሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ዙሪያው ሁሉ ይጮኻል፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» ይላል፣ እሳቸው ዝም። ዓይናቸው ብቻ ከሰው ሰው ይሄዳል። ከዚያ ኮቷ ቀስ ብላ ትነፋለች፣ መዳፋቸው ወደ ላይ ተዘርግቶ ይነሣል፦

«ኑ! ... ፀሐይ የሚገባበት ቤት ያላችሁ፣ ኑ! ... የጎረቤት ዓይን የሰለቻችሁ፣ ኑ!»

በሁለቱ «ኑ»ዎች መካከል ያለው ዝምታ ነበር ሰውን የሚያቆመው። ሰው አንገቱን የሚያዞረው ስትጠሪው ሳይሆን ጠርተሽ ዝም ስትይ ነው፣ ይሉ ነበር። እኔ ያኔ ይህንን እንደ ጨዋታ ነበር የምሰማው።

ከዚያ አንድ ዓመት በልግ ላይ ድምፃቸው ይሻክር ጀመር። «ብርድ ነው» አሉ። እማዬ ዝንጅብል አፈላችላቸው፣ አልሆነም። ሐኪም ጉሮሯቸው ውስጥ የበቀለ ነገር አገኘና ኦፕራሲዮን መሆን አለባቸው ተባለ።

ስለ ሰይድ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ሰይድ ክፉ ሰው አይደለም። የወሎ ልጅ ነው፣ ሱቁን ከአባቱ ነው የወረሰው፣ ጋሽ ኑንም ከሱቁ ጋር። ነገሩ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ነው፤ ሲበላም፣ ሲሄድም፣ ሲቆጣም ቶሎ፣ ሲታረቅም ቶሎ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለው ቀን ጋሽ ኑን በር ላይ አቁሞ ጥሪያቸውን በስልኩ ቀዳ። ለመታሰቢያ መስሎን ነበር። እሱ ግን ድምፁን ወስዶ በአንድ ፕሮግራም ዝምታዎቹን ሁሉ ቆርጦ አወጣቸው። «ባዶ ቦታ ምን ያደርጋል?» አለኝ በኋላ ስጠይቀው። ከዚያም ስፒከር ገዝቶ በሩ ላይ ሰቀለ።

ስለዚህ ጋሽ ኑ ከሕመማቸው ተመልሰው፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ፋሻ ጠምጥመው፣ ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ የጠበቃቸው የራሳቸው ድምፅ ነበር፦

«ኑፀሐይየሚገባበትቤትያላችሁኑየጎረቤትዓይንየሰለቻችሁኑኑፀሐይየሚገባበት...»

ሰይድ በደስታ ፈክቶ፣ «እንዴት ነው ጋሽ ኑ? ቁርጥ እርስዎን አይደል?» አለ።

ጋሽ ኑ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ አዳመጡ። ከዚያ ሰይድን በጣታቸው ጠርተው ጆሮው ላይ አንሾካሾኩ። ድምፃቸው እንደ ወረቀት ኮሽታ ሆኖ ነበር። ሰይድ ከት ብሎ ሣቀ። ምን አሉህ ስለው፣ «‹ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚተነፍሰው?› አሉኝ» አለ።

ሣቅን። እሳቸው ግን አልሣቁም።

ሐኪሙ ድምፁ ከዚህ በላይ አይመለስም ብሏቸዋል። ሰይድ «ቤትዎ ይረፉ፣ የእርስዎ ነገር በእኔ ይሁን» አላቸው፣ ከልቡ ነው። እሳቸው ግን በማግስቱ መጡ። በማግስቱም። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ራሳቸውን ሲጮኹ ይሰማሉ። የሚገባ የሚወጣውን ሰው በርጩማው ያደናቅፈዋል። በመጨረሻ ሰይድ፣ «ጋሽ ኑ፣ የበዓል ገበያ ሲጀምር እዚህች ቦታ ላይ የመጋረጃ መስቀያ ላቆም ነው፤ ቅር እንዳይልዎት» አለ። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው እማዬ ጋ መጡና እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦

«ልጄ፣ እኔ ቤት ውስጥ ሰው መሆን አልለመድኩም።»

እማዬ ቁልፍ መቁጠር ጀመረች።

እኔ በዚያ ክረምት ምን እሠራ ነበር? ኤልኢዲ የሚባሉ ጥቃቅን መብራቶች አበራ ነበር። ከትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ አንዲት ማይክሮኮንትሮለር ለእረፍቱ በውሰት ደርሳኝ ነበር። ክብሪት ሣጥን የምታክል ናት፤ በኬብል ትእዛዝ ትጽፉባታላችሁ፣ እሷ ደግሞ መብራት ታበራለች፣ ታጠፋለች። ከሱቃችን ባንኮኒ ሥር የሌለ ነገር አልነበረም፤ ቀይ መብራት፣ አረንጓዴ መብራት፣ ሽቦ በሽቦ። ጋሽ ኑ ስም አወጡልኝ፣ «ኮረንቲ»። ድምፃቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ ሲያዩኝ ጣታቸውን ኮረንቲ እንደያዘው ሰው ያንቀጠቅጣሉ፤ «ኮረንቲ መጣች» ማለት ነው።

የበርጩማውን ነገር ከሰማሁ በኋላ ሐሳብ መጣልኝ። እሳቸው መጮኽ ካልቻሉ መብራት ይጩህላቸው! አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ከምን አለሽ ተራ አንድ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ስባሪ አመጣሁ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረግሁት፣ መብራቶቹን ሰካሁ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሮጥ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚመለስ፣ ከመሐል የሚፈነዳ፣ እንደ ዝናብ የሚወርድ ጥለት ጻፍኩለት። እንዴት ደስ እንደሚል! እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው።

ወስጄ ለጋሽ ኑ አበራሁላቸው። ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስኪበቃቸው አዩት። ከዚያ ስፒከሩን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«የሱ ወንድም ነው» አሉ በሹክሹክታ።

«እንዴት ጋሽ ኑ?»

«አይተነፍስማ።»

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ በጣም ተናደድኩ። ግን መንገዱ ላይ አውጥቼ ስሞክረው ልክ ነበሩ፤ ዱባይ ተራ የሚብለጨለጭ ነገር ሞልቷል፣ የእኔን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። ኩርፊያዬን ሲያዩ አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ «በይ አሠራሩን ንገሪኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ይህችን ክፍል ለማስረዳት እኔ ጎበዝ ነኝ፣ ስለዚህ ለእናንተም ልንገራችሁ። ማይክሮኮንትሮለሯ ለዚያ ሁሉ መብራት የሚበቃ የሽቦ ማያያዣ እግር የላትም። ስለዚህ ሺፍት ሬጂስተር የምትባል ጥቁር ቁራጭ ታግዛታለች። በአንድ ሽቦ ብቻ «ይብራ»፣ «አይብራ» የሚሉ ትእዛዞችን አንድ በአንድ ትቀበላለች፤ አዲሱ ሲገባ የፊተኛውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። እህል በረንዳ መኪና ሲራገፍ አይታችሁ የለም? ተሸካሚዎቹ ተደርድረው ጆንያውን እጅ በእጅ ያቀባብላሉ። እንደዚያ ነው። ሁሉም ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ከውጪ ምንም አይታይም፣ የመጋዘኑ በር ዝግ ነው። በመጨረሻ አንዲት እግር በሩን ክፍት ስታደርገው ውስጥ ያለው ሁሉ በአንዴ ይታያል።

ጋሽ ኑ ጎንበስ ብለው ሲሰሙ ቆዩና ያቺን ቁራጭ በጣታቸው ጫፍ ነኩ።

«በሩን የሚከፍተው ማነው?»

«ፕሮግራሙ ነዋ። እኔ የጻፍኩት።»

«ሰው መምጣቱን በምን ያውቃል?»

«አያውቅም። ዝም ብሎ ነው የሚከፍተው።»

«ታዲያ» አሉ፣ «ለምን እኔ አልከፍተውም?»

ወይ ጉድ! ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የት አለ? የመብራቱን ዝንጥነት ሁሉ ተውኩት። ከእማዬ ሱቅ ትልቅ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ ወስጄ ከሥሯ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ለጠፍኩባት፤ ሲጫኗት የዚያች ጥቁር ቁራጭ በር ይከፈታል፣ ሲለቋት ይዘጋል። ቆርቆሮ ሰሌዳው ላይ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ፦ «ኑ»።

ቃሏን ስሠራ ነው ያልታሰበው ነገር የመጣው። የፊደሏን አካል ጨርሼ አበራሁት፣ ጭረቷ ግን ገና አልተበየደችም ነበር። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ «ነ» ብቻ በርታለች። ሰሌዳውን የሰይድ በር ላይ አስደግፌ የመበየጃ ሊድ ስፈልግ ሁለት ሴቶች ሲያልፉ ቆሙ።

«‹ነ› ምን?» አለች አንዷ።

«ነጠላ ይሆናል።»

«ነጭ ነገር ይሆናላ፣ መጋረጃ ነው የሚሸጡት።»

ቆመው ጠበቁ! የቀረችውን ሊያዩ። እኔ «ገና አልተሠራም» ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ኑ ክንዴን ያዙኝ። ሰው የማይነኩት ሰውዬ! ዓይናቸው በርቷል። «ተያት» አሉኝ። «እንዲህ እንዳለች ተያት። ጭረቷን ለእኔ ስጪኝ።»

ገባኝ። «ነ» ቀኑን ሙሉ ትበራለች፤ ምንም አትልም፣ ትጠብቃለች። ጭረቷ ግን ውስጥ ገብታ በሩ ዝግ ሆኖባት ትቆያለች፣ እሳቸው ቁልፏን ሲጫኑ ብቻ ብቅ ትላለች፤ «ነ» «ኑ» ትሆናለች።

ሰይድ ሰምቶ ሣቀ፤ ግን ለበዓሉ ገበያ መጀመሪያ ቀን፣ «እስከ ምሳ ሰዓት ሞክሩ» አለ። «ካልሆነ መስቀያዬን አቆማለሁ። ተስማማን ጋሽ ኑ?» ጋሽ ኑ እጃቸውን ዘረጉለት፣ ተጨባበጡ።

ከዚያ በፊት ግን የመዋረጃ ቀን አለ። ሰሌዳው ላይ ለጭረት ሁለት ቦታ ነበረኝ፤ አንዷ ወገብ ላይ ለ«ኑ»፣ ሌላዋ እግር ላይ ለ«ኒ»። ፊደሉን ከ«ነ» እስከ «ኖ» ላስጨፍረው ብዬ ጀምሬ ሁለቱ ላይ ነው የደከመኝ። ሰሌዳውን በሩ ላይ ሰቀልነው፣ የአካባቢው ሰው ተሰበሰበ፣ ጋሽ ኑ በርጩማቸው ላይ ኮታቸውን አስተካክለው ቁልፏን ተጫኑ።

«ኒ።»

ከዚያ አንድ ተሸካሚ ከነሸክሙ፣ «ኒ? ኒ ደግሞ የማን ቋንቋ ናት?» አለ። ጉድ ፈላ። «ጋሽ ኒ!» «ጋሽ ኒ እንደምን ዋሉ!» «ሰይዶ፣ ኒ ስንት ነው ሜትሩ?» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማዬ ሳትቀር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ጋሽ ኑን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሳያቸው ግን እየሣቁ ነበር። ድምፅ የለውም፣ ግን ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ሲሥቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደግመው ተጫኑ፣ «ኒ»። ደግመው ሣቁ። ሰውን ለማሳቅ ሲሉ እስኪመሽ «ኒ» ሲሉ ዋሉ፤ ለሚያልፈው ሁሉ በሁለት እጃቸው እያቀረቡ።

ስሕተቴን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። መጀመሪያ የላክሁት ትእዛዝ እዚያው በር ሥር የሚቆም መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በኋላ የመጡት እየገፉት መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ መጀመሪያ የተራገፈው ጆንያ ከመጋዘኑ ጥግ እንደሚሆነው። ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፣ ጭረቷ ከእግሯ ተነሥታ ወገቧ ላይ ቆመች። ለጋሽ ኑ ሳሳያቸው ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። «‹ኒ› ጥሩ ሰው ነበረች» አሉ።

የበዓሉ ገበያ ሲጀምር ጳጉሜ ነው፣ ዝናቡ አልወጣም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሰዉ ግን እንደ ጎርፍ ይፈሳል። በዘመን መለወጫ መጋረጃ የማይቀይር አዲስ አበቤ የለም። በሁሉም ሱቅ በር ላይ ስፒከር ይጮኻል። የሰይድም ይጮኻል። ጋሽ ኑ ተላጭተው፣ ፋሻቸውን በንጹሕ ሻርፕ ሸፍነው መጡ። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፣ ቁልፏን መዳፋቸው ውስጥ ያዙ፣ ከዚያ ወደ ስፒከሩ አመለከቱ፤ ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አሳለፉ።

«ጋሽ ኑ! በዓል ነው እኮ!» አለ ሰይድ።

«ሁለት ጠሪ አንድ በር ላይ አይቆምም» አሉ በዚያች ኮሽታ። «ወይ እሱ፣ ወይ እኔ።»

ሰይድ እኔን አየኝ፣ ሰዓቱን አየ፣ «እስከ ምሳ ብዬ ነበር፣ እስከ ምሳ» አለና አጠፋው።

የጋሽ ኑ ድምፅ ሲጠፋ በራችን ላይ ጉድጓድ የተቆፈረ መሰለኝ። «ነ» ከላይ በርታለች። ሰው ያልፋል። ሰው ያልፋል። አንዲት ሴትዮ ልጇን ይዛ መጣች፣ በቀጥታ ወደ እኛ።

«ይጫኑ!» አልኳቸው።

ዝም።

«ጋሽ ኑ ይጫኑ እንጂ፣ ልታልፍ ነው!»

«ዓይኗ ጫማዋ ላይ ነው» አሉ። «ለጭቃው ነው ያለች፣ ለእኔ አይደለም።»

ሴትዮዋ ውሃ የቋጠረውን ጉድጓድ በጥንቃቄ ተሻገረች፣ ልጇን ጎትታ አሻገረች፣ ቀሚሷን አየች፣ ንጹሕ ነው። ተነፈሰች። ቀና አለች። «ነ»ን አየቻት። ግንባሯ ትንሽ ተቋጠረ። ጋሽ ኑ አሁንም አልተጫኑም። ልጅቷ ጣቷን ቀስራ፣ «እማ፣ ‹ነ› ይላል» አለች።

ያኔ ተጫኑ።

«‹ኑ› አለ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ። «እማ፣ ኑ አለን!»

እናትየዋ ሣቀችና ወደ መብራቱ ሳይሆን ወደ በርጩማው አየች። ጋሽ ኑ አንገታቸውን ሰበር አድርገው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ እንደ ድሮው። ገቡ። ሰይድ ዘሎ ተቀበላቸው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልሆነም፤ ብዙ ሰው አለፈ። ግን የገባው ሰው በራሱ እግር የገባ ነበርና ተረጋግቶ ያይ ነበር፣ ሰይድም ቶሎ ቶሎ ማለቱን ረስቶ ያስረዳ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ማንም ሰዓት አላነሣም። አመሻሹ ላይ ሰይድ በርጩማው አጠገብ ቆመና፣ «ጋሽ ኑ፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ሴትዮ ስታልፍ እኔ ብሆን ሦስቴ ጮኼ ነበር» አለ። መልስ አልጠበቀም። መሰላል አምጥቶ ስፒከሩን ከበሩ አወረደው፣ ሽቦውን ጠቅልሎ ጀርባ መደርደሪያ ላይ ከባዶ ካርቶኖች ጋር ወረወረው። መስቀያው እዚያ ቦታ ላይ አልቆመም።

ጋሽ ኑ ከዚያ በኋላ የነበራቸውን ጊዜ ሁሉ በዚያች ቁልፍ ጠሩ። ሕመሙ እስኪመለስ ድረስ። ሰው ሳይኖር ደግሞ ለእኔ ይጫኑ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሩቅ ሲያዩኝ «ነ» «ኑ» ትሆናለች። አንድ ሰው ብቻ ብሆንም፣ ልጅ ብሆንም።

ከለቅሶው በኋላ ሱቁ ሲከፈት ሰይድ ጠራኝ። ሰሌዳው እንደተሰቀለ ነው፣ በርጩማው እንዳለ ነው። «ኮረንቲ፣ በራሱ እንዲበራ አድርጊልኝ» አለኝ። «አልፎ አልፎ ብቻ ኑ ይበል።»

ቀላል ነው። ላፕቶፕ ተውሼ መጣሁ፣ ፕሮግራሙን ከፈትኩት፣ «ይህን ያህል ጠብቅ» የሚለው መስመር ላይ ቁጥር ጻፍኩ። አጠፋሁት። ሌላ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ሰይድ ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

«ምን ሆንሽ?»

«ሰይዶ፣ ስንት ብዬ ልጻፍ? እሳቸው እኮ ሰዓት ሳይሆን ሰው ነበር የሚጠብቁት።»

ቁልፏን አንሥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ራሱ ሰይድ! ተጫነ፣ ተጫነ፣ ተጫነ፤ ኑ፣ ኑ፣ ኑ፣ ኑ። «ኧረ ቀስ!» አልኩት። ሣቀና እጁን ሰበሰበ።

መንገዱ ላይ አንዲት አሮጊት ፌስታል በሁለቱም እጃቸው ተሸክመው መጡ። ቀና ብለዋል፣ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ነው፣ እኔ ብሆን እጫን ነበር። ሰይድ ጣቱን ቁልፏ ላይ አሳረፈ። አልተጫነም። ትኩር ብሎ አያቸው፤ ወደ እግራቸው፣ ወደ ፌስታሎቹ፣ ወደ ፊታቸው።

«እኚህ መጋረጃ አይፈልጉም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ደክሟቸዋል።»

ቁልፏን እጄ ላይ አስቀምጦ ተነሣ። በርጩማውን ወደ መንገዱ ዳር አስጠጋው፣ በእጁ አቧራውን ጠረገው፣ «ነ» ከራሱ በላይ እንደበራች።

«እማማ» አለ ሰይድ፣ «ኑ።»